ባሎቱ ጀርባ ላይ ያሉት ስሞች፦ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከጠበቃ ወደ ሴናተር፣ ከሴናተር ወደ ዳኛ

ለ2024ቱ ምርጫ እዚህ ፊኒክስ፣ አሪዞና፣ ባሎቱ ማለትም የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣልን ሁለት ሉህ ነበር፣ ፊትና ጀርባው በፅሁፍ የተሞላ። አክስቴ ዜግነት ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ስለሆነ ቡናው እስኪፈላ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተነው አብረን ማንበብ ጀመርን፣ የፕሬዝዳንቱን ክብ አጠቆርን፣ የሴናተሩን አጠቆርን፣ እያለን እያለን ስንገለብጠው የዳኞች ስም ዝርዝር መጣ። ብዙ ነው ዝርዝሩ። ከያንዳንዱ ስም ጎን "አዎ" እና "አይ" የሚሉ ሁለት ባዶ ክቦች ብቻ አሉ፣ ፓርቲ አልተፃፈም፣ ተወዳዳሪ የለም። አክስቴ መነፅሯን ገፋ አድርጋ "ዳኛም ይመረጣል እንዴ እዚህ አገር?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በህገ መንግስቱ አንቀፅ 81 መሰረት የፌደራል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያጫል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል፣ ህዝብ ካርድ ይዞ ዳኛ ሲመርጥ አይታ አታውቅም። መልሱን ልነግራት ስጀምር ግን የአንዲት ሴትን የስራ ህይወት ካልተረኩላት ማስረዳት እንደማልችል ገባኝ፣ ምክንያቱም ያ የባሎት ገፅ አሪዞና ውስጥ እንደዛ እንዲሆን ከደከሙት ሰዎች አንዷ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናት፣ እሷ ደግሞ በመጀመሪያ ጠበቃ ነበረች፣ ከዛ የስቴት ሴናተር፣ ከዛ ዳኛ። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ብሎ ነው፣ ልክ ነው፣ ግን እኔን የሚገርመኝ ከዛ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የስቴት ምክር ቤት ማለት ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ ማለት አይደለም። 50ዎቹም ስቴቶች የየራሳቸው ህገ መንግስት፣ የየራሳቸው ህግ አውጪ፣ የየራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው፣ አሪዞና ለምሳሌ 30 ሴናተርና 60 ተወካይ አላት፣ ሁሉም የሚመረጡት ለሁለት ሁለት ዓመት ነው፣ ደሞዛቸው በዓመት 24,000 ዶላር ነው፣ እሱም ከ1998 ጀምሮ አልተነካም፣ ስለዚ አብዛኞቹ ሌላ ስራ ወይ ሌላ ገቢ ያላቸው ናቸው። እና እነዚህ ሰዎች ናቸው ስለ ጋብቻና ፍቺ፣ ስለ ልጅ ማሳደግ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ መንጃ ፍቃድ፣ ስለ አብዛኛው ወንጀል ህግ የሚያወጡት። እኛ ሀበሾች ስለ ኋይት ሀውስ ስናወራ እናመሻለን፣ ግን ፍርድ ቤት የምንቆመው በአብዛኛው የስቴት ህግ ይዞን፣ በስቴት ዳኛ ፊት ነው። ትራፊክ ትኬቱም፣ ከቤት ማስለቀቁም፣ ፍቺውም እዛ ነው የሚያልቀው። ኢሚግሬሽን ግን በዋናነት የፌደራል ነው።

አሁን ወደ ሴትየዋ። ሳንድራ በ1930 ኤል ፓሶ ቴክሳስ ተወለደች፣ ያደገችው ግን ሌዚ ቢ በሚባል የከብት እርባታ ነው፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ የተዘረጋ በረሃ። እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ ቤታቸው መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። ለትምህርት ኤል ፓሶ አያቷ ጋ ትላካለች፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ከብቱ ትመለሳለች። ይሄን ስሰማ ገጠር አድጎ ለትምህርት ከተማ ዘመድ ጋ የተላከ ያገራችን ልጅ ሁሉ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

ከልጅነቷ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ልጅ ሆና፣ አስራ አምስት ዓመቷ ገደማ፣ አባቷና ሰራተኞቹ ሩቅ ሜዳ ላይ ከብት ሲሰበስቡ ምሳቸውን በመኪና ጭና እንድትወስድ ትላካለች። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ብቻዋን ናት፣ ሰው በአካባቢው የለም፣ የጎማው ብሎን ደግሞ ዝጎ ተጣብቋል፣ ክብደቷን በሙሉ እላዩ ላይ ጥላ እየዘለለች በግድ ፈታችው፣ ቀየረችው፣ ምሳውን ዘግይታ አደረሰች። ጎበዝ የምትባል መስሏት ነበር። አባቷ ግን ቀደም ብለሽ መነሳት ነበረብሽ ነው ያላት፣ በረሃ ውስጥ ምንም ሊያጋጥም እንደሚችል አስበሽ መውጣት አለብሽ። ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ ጭካኔ ነው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፣ እኔ ብሆን ልጄን አቅፌ ነበር የምስመው። ግን ኋላ ዳኛ ሆና የሰጠቻቸውን ውሳኔዎች ሳነብ ያ አባት አንዳንዴ እዛ ውስጥ ይታየኛል።

በ16 ዓመቷ ስታንፎርድ ገባች፣ በ1950 በኢኮኖሚክስ ዲግሪዋን በ1952 ደግሞ ህግ ጨረሰች፣ ከክፍሏ ጫፍ ላይ ካሉት አንዷ ሆና። ከዛስ? ስራ የለም። ቢያንስ 40 የህግ ቢሮዎች ሴት ጠበቃ አንቀጥርም ብለው ለኢንተርቪው እንኳን አልጠሯትም፣ የጠራት አንዱ ቢሮ ታይፕ መምታት ትችያለሽ ወይ ነው ያላት፣ ፀሃፊ አድርጎ ሊቀጥራት። ያኔ ካሊፎርኒያ ሳን ማቴዎ ካውንቲ የመንግስት ጠበቃው ጋ ሄዳ በነፃ ልስራ አለች። በነፃ። ቢሮ የለንም ሲሏት ፀሃፊዋ ካልከፋት ከሷ ጋ እቀመጣለሁ ብላ ገባች፣ ቆይቶ ደሞዝ ተቆረጠላት። ስደት አገር ዲግሪውን ይዞ መጥቶ ከዜሮ የጀመረ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል።

አግብታ ከባሏ ጋ ጀርመን ቆይታ በ1957 ፊኒክስ ገቡ፣ እዚህም ቢሮዎቹ ፊት ነሷት፣ ስለዚ ከአንድ ጠበቃ ጋ ሆና ሜሪቬል በሚባለው ሰፈር ሾፒንግ ሴንተር ውስጥ የራሷን ቢሮ ከፈተች፣ ጎረቤቶቿ ግሮሰሪ፣ የመጠጥ ሱቅና ቲቪ የሚጠግን ነበሩ። የምትይዘውም ጉዳይ እንደ ሰፈሩ ነው፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ ጠጥቶ መንዳት፣ የሰው ዕዳ፣ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ። እኔ ይሄን ከስታንፎርዱ ዲግሪ አስበልጬ ነው የማየው። ወንበር ላይ ወጥቶ ስለ ተከራይ ህግ የሚወስን ዳኛ አንድ ጊዜ እንኳን ተከራይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ካላየ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ሶስት ወንዶች ልጆች ወለደች፣ አምስት ዓመት ያህል ስራ አቋርጣ ቤት ዋለች፣ በ1965 የአሪዞና ረዳት ጠቅላይ አቃቤ ህግ ሆና ተመለሰች።

በ1969 አንዲት የስቴት ሴናተር ወደ ዋሽንግተን ለሹመት ስትሄድ ወንበሩ ክፍት ሆነ፣ ሳንድራ በቦታዋ ተሾመች። ከዛ በህዝብ ድምፅ ሁለቴ ተመረጠች፣ 1973 ላይ ደግሞ የአብላጫው መሪ ሆነች፣ በየትኛውም ስቴት ይሄን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ነች። የአብላጫው መሪ ማለት ምንድነው፣ የትኛው ረቂቅ መቼ ወደ ድምፅ ይቀርባል የሚለውን የሚያስተካክል፣ የፓርቲውን ሰዎች ድምፅ የሚቆጥር፣ ያኮረፈውን የሚያባብል፣ በጀት ሲጣበቅ የሚያላቅቅ ሰው ነው። ጭቅጭቅ የበዛበት ስራ ነው። አንድ ጊዜ ከታችኛው ምክር ቤት አንድ የኮሚቴ ሊቀመንበር ጋ በመጠጡ ጉዳይ ተጋጭተው፣ ወንድ ብትሆኚ ቡጢ አቀምስሽ ነበር ሲላት፣ አንተ ወንድ ብትሆን ኖሮ ትችል ነበር አለችው ይባላል፣ እዚህ አሪዞና እስካሁን ይወራል።

ህግ ላይ የሰራችው ስራ ግን ከዚህ ወሬ ይበልጣል። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው፣ አሪዞና ሴት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስራት አትችልም የሚል ከ1913 ጀምሮ የነበረ ህግ ነበራት። ሲሰሙት ለሴት ያዘነ ይመስላል። በተግባር ግን ኦቨርታይም የሚፈልግ ቀጣሪ ወንዱን እንዲቀጥር ያደርገዋል፣ ሴቷ ተጨማሪ ሰዓት ሰርታ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳታገኝ ይዘጋባታል። እሷ ናት እንዲሻር የገፋችው።

ሁለተኛው የባልና ሚስት ንብረት ነው። አሪዞና በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የሁለቱም የጋራ ነው ከሚሉት ስቴቶች አንዷ ናት፣ እኛም አገር የጋራ ሀብት እንደሚባለው። ጥሩ ነው፣ የጋራ ነው፣ ግን ማን ያዝበታል? የድሮው ህግ የጋራ የሆነውን ገንዘብና ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚያስተዳድረው ባል ብቻ ነው ይል ነበር። አስቡት፣ ሚስት ቀን ሙሉ ሰርታ ያመጣችው የራሷ ደሞዝ ሳይቀር በህግ አዛዡ ባሏ ነው። ወረቀት ላይ የጋራ፣ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሱ። በ1973 ይሄ ተቀይሮ ሁለቱም እኩል የማስተዳደር መብት አገኙ፣ በዛ ለውጥ ውስጥ የሳንድራ እጅ አለበት። ዛሬ እዚህ ፊኒክስ ያለች አንዲት ሀበሻ ነርስ የራሷን ደሞዝ ባንክ አስገብታ ስታዝበት ያን የቆየ ህግ የፈቱላት ሰዎች እንደነበሩ ላታውቅ ትችላለች።

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደረስኩ። ህግ አውጪ የነበረ ሰው ዳኛ ሲሆን ምን ይዞ ይመጣል? ሳንድራ በሴኔት ሳለች አንዲት የተዘለለች ነጠላ ሰረዝ ለማስገባት ብቻ ረቂቅ ላይ ማሻሻያ አቅርባ ታውቃለች። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ! ሰው ምን አስጨነቃት ይል ይሆናል፣ ግን እስቲ ይሄን እዩት፦ "ኪራይ ያልከፈለ፣ ቤት ያበላሸ ተከራይ ይለቃል" እና "ኪራይ ያልከፈለ ቤት ያበላሸ ተከራይ ይለቃል"። በመጀመሪያው ከሁለቱ አንዱን ያደረገ ሁሉ ሊባረር ይችላል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ይመጣል፣ በሁለተኛው ሁለቱንም ካላደረገ አይነካም የሚል። ያቺ ነጠላ ሰረዝ አንድ ቤተሰብ ውጪ ያድራል ወይስ ቤቱ ያድራል የሚለውን ልትወስን ትችላለች። ምክር ቤት ውስጥ ሰዎቹ ሌሊት ደክሟቸው ያለፏት ምልክት ከአስር ዓመት በኋላ ችሎት ፊት ትቀርባለች፣ ዳኛው ደግሞ እነሱ ምን ለማለት ፈልገው ነበር እያለ ይጨነቃል። ሁለቱንም ወንበር ያየ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ህጉ ላይ ያለው ቃል አንዳንዴ ከጥበብ የመጣ ሳይሆን ሁለት የተጣሉ ወገኖች በመጨረሻው ሰዓት የተስማሙበት ቃል መሆኑን ጭምር።

ሌላም የሚከተል ነገር አለ፣ እሱም ድምፅሽ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ሀሳብ ነው የሚናገረው ይባላል፣ ህግ አውጪ ግን አዎ ወይ አይ ብሎ በስሙ ይመዘገባል። በ1970 ኮሚቴ ውስጥ ፅንስ ማቋረጥን ወንጀል የሚያደርገውን ህግ ለመሻር ለቀረበ ረቂቅ የሰጠችው ድጋፍ በ11 ዓመቱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ስትታጭ ዋሽንግተን ድረስ ተከትሏት ሄደ። በ1974 ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ገንዘብ የሚፈቅድ ረቂቅ ውስጥ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክል አንቀፅ ሌሎች ሲሰኩበት ተቃውማ ነበር፣ የአሪዞና ህገ መንግስት ከጉዳዩ ጋ የማይገናኝ ነገር በአንድ ረቂቅ ውስጥ መሰንቀር አይፈቅድም ብላ። ያንንም አነሱባት። ለዚህ ነው የስቴት ሴናተር የነበረ ሰው ለዳኝነት ሲታጭ ሁለቱም ወገን የድሮ ፋይል የሚቆፍረው።

በ1974 ሴኔቱን ለቃ ፊኒክስ ላለችበት ለማሪኮፓ ካውንቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተወዳደረች። አዎ፣ ተወዳደረች፣ ያኔ አሪዞና ውስጥ ዳኛ እንደማንኛውም ፖለቲከኛ ካምፔን አድርጎ ነበር የሚመረጠው። አሸነፈች። እና በዛው የኅዳር ምርጫ፣ በዛው ባሎት ላይ፣ የአሪዞና ህዝብ ይሄን አይነት ምርጫ በትልልቆቹ ካውንቲዎችና በይግባኝ ፍርድ ቤቶች የሚያስቀር የህገ መንግስት ማሻሻያ አፀደቀ፣ እሷም ምክር ቤት ሳለች ስትደግፈው የነበረ ነገር ነው። ማለትም በአሮጌው በር ገብታ ከኋላዋ በሩ ተቀየረ።

አዲሱ በር እንዲህ ነው የሚሰራው፣ ሚዙሪ በ1940 የጀመረችው መንገድ ስለሆነ የሚዙሪ ፕላን ይሉታል። ዳኝነት የሚፈልግ ጠበቃ ያመለክታል። ጠበቆችም ጠበቃ ያልሆኑ ተራ ዜጎችም ያሉበት ኮሚሽን አመልካቾቹን ያጣራል፣ አሪዞና ውስጥ እንዲያውም ተራ ዜጎቹ ይበዛሉ። ኮሚሽኑ ቢያንስ ሶስት ስም ለገቨርነሩ ማለትም ለስቴቱ አስተዳዳሪ ያቀርባል፣ ገቨርነሩ ከነሱ ውስጥ አንዱን መሾም አለበት፣ የፈለገውን የአክስት ልጅ ከውጪ ማምጣት አይችልም። ከዛ ዳኛው በየአራት ዓመቱ፣ የይግባኝና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሆነ በየስድስት ዓመቱ፣ ባሎት ላይ ይወጣል፣ ህዝቡም ይቆይ ወይ ይውጣ ይላል። አክስቴ ያየቻቸው ሁለት ባዶ ክቦች እነዚህ ናቸው።

ከዛ ችሎት። ሴናተር ስትሆኚ አንድ ህግ ለሚሊዮን ሰው ታወጫለሽ፣ ያንዱንም ፊት አታይም። ዳኛ ስትሆኚ ሰውየው እፊትሽ ቆሟል። ሳንድራ የማሪኮፓ ዳኛ ሳለች አንዲት የሁለት ህፃናት እናት በሀሰተኛ ቼክ ጥፋተኛነቷን አምና ቀረበች፣ አባታቸው ጥሏቸው ሄዷል፣ እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን መንግስት ይወስዳቸዋል ብላ ለመነች። ሳንድራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ፈረደችባት፣ ማወቅ ነበረብሽ አለቻት። ከዛ ወደ ቢሮዋ ገብታ አለቀሰች። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄባት ነበር፣ ለሁለት ህፃን እናት ምን አለበት ብዬ፣ ዛሬም ፍርዱ ይከብደኛል። ግን ሳንድራ እንባዋን ችሎቱ ላይ አላፈሰሰችም፣ ፍርዱንም በእንባዋ አልቀየረችም። ያ ጎማ ቀይራ ስትዘገይ አባቷ ያላት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣብኝ።

በ1979 ገቨርነር ብሩስ ባቢት ወደ አሪዞና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሾማት፣ እሱ ዲሞክራት እሷ ሪፐብሊካን፣ እንዲያውም ፓርቲዋ ለገቨርነርነት እሱን እንድትወዳደረው ሲወተውታት ነበር። በ1981 ፕሬዝዳንት ሬገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጫት፣ ሴኔቱ 99 ለ 0 አፀደቃት፣ መስከረም 25 ቀን በፈረንጆቹ ቃለ መሃላ ፈፀመች። በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩ ምርመራ የሷ ነው።

እዛ 24 ዓመት ተቀምጣ የሰራችውን ሁሉ መዘርዘር አልችልም፣ ግን የስቴት ሴናተርነቷ ቁልጭ ብሎ የሚታይባቸው አሉ። በ1992 ኒው ዮርክ የፌደራሉን መንግስት ስትከስ ውሳኔውን የፃፈችው እሷ ናት፣ ጉዳዩ የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ነው፣ ኮንግረስ ስቴቶችን ወይ እንዲህ ያለ ህግ አውጡ ወይ ቆሻሻውን የራሳችሁ አድርጉ ብሎ አስገድዷቸው ነበር። እሷ ኮንግረስ የስቴት ምክር ቤትን እንደ ተላላኪ ማዘዝ አይችልም አለች። ምክንያቷም ለኛ ለመራጮች ጭምር ነው፦ ዋሽንግተን አዝዞ ስቴቱ ከፈፀመ፣ ህዝቡ ሲቆጣ የሚያባርረው የስቴቱን ተመራጭ ነው፣ ያዘዘው ግን ተደብቆ ይቀራል። ይሄን እዛ ምክር ቤት ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው በዚህ ልክ ይሰማዋል ብዬ አላምንም።

የሚተቿትም በዚሁ ነው። ዳኛ ሆና ህግ አውጪነቷን አልተወችም ይላሉ፣ መሃል መሃሉን እየፈለገች ስምምነት እንደሚያደርግ ፖለቲከኛ ትወስናለች። በ2003 ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል ዘርን ከግምት ማስገባት ይችላል ስትል ከ25 ዓመት በኋላ ግን አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን ብላ ፃፈች፣ ይሄ የዳኛ ነው ወይስ ህግ ላይ ማብቂያ ቀን የሚያስቀምጥ ሴናተር? ትችቱ ባዶ አይደለም። በ1992 ከሌሎች ሁለት ዳኞች ጋ ሆና የፅንስ ማቋረጥ መብትን አስኳሉን ያተረፈችበት ውሳኔ በ2022 ተሻረ፣ የሻረውን ውሳኔ የፃፈው ደግሞ በሷ ወንበር የተተካው ሳሙኤል አሊቶ ነው። የዩኒቨርሲቲውም በ2023 ፈረሰ። በ2000 የቡሽና የጎርን ምርጫ ከጨረሱት አምስት ድምፆችም አንዱ የሷ ነበር፣ እሱ ላይ እኔ ከሷ ጋ አልስማማም። ቢሆንም ለዚያ ፍርድ ቤት ከሷ በኋላ በህዝብ ተመርጦ የሰራ አንድም ዳኛ አልመጣም፣ ዘጠኙም ድምፅ ለምኖ የማያውቅ ሲሆን የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል።

ለኛ ለመራጮች በጣም የሚቀርበው ግን የ2002ቱ የሚኒሶታ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ስቴት ስለሆነ ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሚኒሶታ ዳኞቿን በምርጫ ነው የምታመጣው፣ ግን ለዳኝነት የሚወዳደር ሰው አከራካሪ የህግ ጉዳዮች ላይ አቋሙን እንዳይናገር ትከለክል ነበር። አንድ ተወዳዳሪ ይሄ የመናገር መብቴን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ለሱ ፈረደ። አምስተኛዋ ሳንድራ ናት፣ ግን ለብቻዋ የፃፈችው አለ። የሚመረጥ ዳኛ ሁሉም ሰው በሚያወራበት ጉዳይ ላይ ሲፈርድ ወንበሬን አጣ ይሆን የሚል ስጋት ይኖረዋል፣ ባይኖረው እንኳን ህዝቡ አለው ብሎ ይጠረጥረዋል፣ ካምፔን ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘብ የሚሰጡት ደግሞ ነገ ችሎት የሚቆሙት ጠበቆችና ባለጉዳዮች ናቸው፣ ስለዚ ሚኒሶታ የዳኞቿ ገለልተኝነት ካስጨነቃት ችግሩን ያመጣችው ራሷ ነች፣ ዳኛን በውድድር መምረጥ ስለመረጠች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ግን ያ ድምፅ ያሳስበኛል ብላ በአደባባይ ተናገረች፣ ምክንያቱም ከውሳኔው በኋላ የዳኞች ምርጫ ጭራሽ እየባሰበት ሄደ። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያስቸግራል። ማውረድ ባትችልም አልተቀመጠችም፣ ከ2006 በኋላ ስቴት ለስቴት እየዞረች ዳኞችን በኮሚሽን አጣርታችሁ ሹሙ እያለች ወተወተች፣ ለልጆችም የመንግስት አሰራር የሚያስተምር አይሲቪክስ የሚባል በጌም የሚሰራ ድርጅት በ2009 መሰረተች። በ2018 የመርሳት በሽታ እንደያዛት ራሷ በደብዳቤ አሳውቃ ከአደባባይ ወጣች፣ ባሏንም የወሰደባት ያው በሽታ ነው፣ እሱን ለማስታመም ብላ ነው ወንበሩን የለቀቀችው። በታህሳስ 1 ቀን 2023 በፈረንጆቹ እዚሁ ፊኒክስ በ93 ዓመቷ አረፈች።

እናንተስ ያላችሁበት እንዴት ነው? ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ዳኛ ባሎታችሁ ላይ አታገኙም፣ የሚመርጠው የስቴቱ ምክር ቤት ነው፣ ስለዚ እዛ የስቴት ተወካይ ስትመርጡ በተዘዋዋሪ ዳኛ እየመረጣችሁ ነው። ዲሲ ያላችሁ ፕሬዝዳንቱ ነው ከኮሚሽን በሚቀርብለት ስም የሚያጨው፣ ሴኔት ያፀድቃል፣ እናንተ ጋ ግን አይመጣም። ቴክሳስ ዳኛው የፓርቲ ስም ይዞ ነው የሚወዳደረው። ዋሽንግተን ስቴት፣ ሚኒሶታ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳ ውድድር አለ ግን ፓርቲ አይፃፍም፣ ለዛ ነው ስሙን ብቻ አይታችሁ ግራ የሚገባችሁ።

እዚህ እኛ ጋ በዛው በ2024 ባሎት ላይ ሌላ ጥያቄም ነበር፣ ፕሮፖዚሽን 137 የሚባል፣ ዳኞቹ ጥፋት ካልተገኘባቸው በየጊዜው ባሎት ላይ መውጣታቸው ይቅር የሚል፣ የዛን ቀኑን ድምፅ ሳይቀር ዋጋ የሚያሳጣ። ያን ዓመት ሚያዝያ ላይ የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1864ቱ የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ሊሰራ ይችላል ብሎ ስለነበር ሁለት ዳኞቹን እናውርድ የሚል ካምፔን ነበር። ህዝቡ ፕሮፖዚሽኑን በሰፊ ልዩነት ጣለው፣ ሁለቱን ዳኞች ግን አቆያቸው። እኔ በዚህ ደስ ብሎኛል፣ ክቡ በእጃችን ቀረ፣ በአንድ ፍርድ ተናደንም ዳኛ አላባረርንም።

አክስቴ ይሄን ሁሉ እያወራሁላት ሁለተኛው ስኒ አልቋል። "እና ታዲያ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እለያለሁ?" አለች። ስቴቱ ለየቤቱ የሚልካት መፅሄት አለች፣ ብዙ ሰው ከማስታወቂያ ጋ አብሮ ይጥላታል፣ መጨረሻዋ አካባቢ ዳኞቹ የተገመገሙበት አለ። ዳኞቹ ችሎት ፊት የቀረቡ ጠበቆች፣ ባለጉዳዮችና በጁሪነት ያገለገሉ ሰዎች ስለ ዳኛው ይጠየቃሉ፣ ህግ ያውቃል ወይ፣ ሰው ያከብራል ወይ፣ ጉዳይ ያጓትታል ወይ፣ ከዛ የግምገማ ኮሚሽኑ መስፈርቱን አሟልቷል ወይ አላሟላም ብሎ ድምፁን ያወጣል። ፊርማ ካለበት ፖስታ ስር አገኘኋት፣ እኔ ስሙን እየፈለግኩ ማነብላት፣ እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ የምታጠቁር ሆንን። አንድ ጊዜም ዝም ብላ አላጠቆረችም። በረካው ሲቀዳላት ስኒውን ወደ ጎን አድርጋ አንድ ስም ላይ ጣቷን አሳረፈችና "እቺን ደግሞ ፈልጋት" አለችኝ።